አይስ ቦክሴን የከፋፈልኩበት ሦስተኛ ሙከራ

ካምፕ በወጣሁ ቁጥር የማይቀር ነገር ነበር። በሁለተኛው ቀን አይስ ቦክሱን ስከፍት ዳቦው በቀለጠው በረዶ ላይ ይዋኛል። አይብ ፍለጋ እጄን እስከ ክርኔ እነክራለሁ። ክዳኑ ያን ሁሉ ጊዜ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። በዚህ ተማርሬ ነው መከፋፈያ ልሥራ ብዬ የተነሳሁት።

የመጀመሪያው ሙከራ ያሳፍራል። የሳጥኑን አፍ በሜትር ለካሁና ከፕላስቲክ መክተፊያ ላይ አራት ማዕዘን ቆረጥኩ። ሳስገባው መሃል ላይ ተቀረቀረ። ለካስ ሳጥኑ ወደ ታች እየጠበበ ነው የሚሄደው! የእኔው አፉ 34 ሳንቲሜትር፣ ወለሉ 31 ነው። ማዕዘኖቹም ክብ ናቸው። ስንት ዓመት ስከፍተው ስዘጋው አንድም ቀን አላስተዋልኩም።

ሁለተኛውን አስተካክዬ ቆረጥኩና በሲሊኮን ማጣበቂያ አጣበቅኩት። ገና በመጀመሪያው እጥበት ተላቀቀ። መክተፊያውም የሳጥኑ ውስጥም ፖሊኤትሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ተራ ማጣበቂያ አይዝም። በብሎን ላስረው ብዬም ነበር፣ ተውኩት። የሳጥኑ ግድግዳ ከተበሳ ውሃ በውስጡ ወዳለው ፎም ይገባል፤ ፎሙ ከራሰ ደግሞ ቅዝቃዜ መያዙ ቀረ።

አሁን ያለው ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ ካርቶን ቆረጥኩ። ማስገባት፣ ማውጣት፣ ትንሽ መሸረፍ፣ እንደገና ማስገባት። አንድ ሰዓት ሙሉ ካርቶን ስሸርፍ ዋልኩ ብል ማን ያምነኛል? ልኩ ሲመጣ ወደ ፕላስቲኩ ገለበጥኩት። በኤሌክትሪክ መጋዝ ስጀምር ፕላስቲኩ ከሙቀቱ የተነሳ እየቀለጠ ከኋላ መልሶ ተጣበቀ። በእጅ መጋዝ፣ ቀስ እያሉ፣ ይሻላል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ሁለቱን ሰሌዳዎች እስከ ግማሽ ቁመታቸው ሰንጥቄ አንዱን በሌላው ላይ አስገባሁ፤ መስቀል ሠርተው ያለ ማጣበቂያ ይቆማሉ።

በረዶ ያደረግኋቸውን የውሃ ጠርሙሶች ይዤ ቤት ውስጥ ሞከርኩት። (ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ይፈነዳል።) ጠርሙሶቹ ያሉበት ክፍል 2 ዲግሪ፣ አጠገቡ ያለው 9! ግራ ገባኝ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ እኔ ደግሞ ከታች በግድግዳ አግጄዋለሁ። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብዬ ሰሌዳዎቹን በድሪል ተራ በተራ በሳኋቸው። በማግስቱ 9 በነበረው ክፍል 4 ዲግሪ አነበብኩ። የቀለጠው ውሃም በዚያው ቀዳዳ ወደ ማፍሰሻው ይሄዳል። ጥሬ ሥጋ ግን በደንብ የሚከደን ዕቃ ውስጥ ካልገባ ደሙ በእነዚሁ ቀዳዳዎች ወደ ጎረቤት ክፍል ስለሚያልፍ ተጠንቀቁ።

አሁን የቀረኝ መያዣው ነው። እርጥብ ሰሌዳ ከሳጥን መንቀል እንዲህ ያስቸግራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለጊዜው ከላይ ሁለት ቀዳዳ በስቼ ገመድ አስሬበታለሁ።