ቢጫዋን መፍራት

ጅማ፣ ነሐሴ 12

ዛሬ የቀስት ዒላማ ወረቀቱን መልሼ ሰቀልኩት። ከሰኔ ጀምሮ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ነበር።

ነገሩ የጀመረኝ ግንቦት ላይ ነው። ደጋኑን ስስብ ደህና ነኝ፤ ቢጫዋ ዓይኔ ውስጥ ስትገባ ግን ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ይከፈታሉ። በ18 ሜትር የምተክለው ወረቀት ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። መሃሉ ያለችው ቢጫ 8 ብቻ፣ ከቡና ሲኒ አፍ ብዙም አትበልጥ። በኋላ ደግሞ ተገላቢጦሹ መጣ። የቀስቱ ጫፍ ከቢጫዋ ሥር፣ ሰማያዊው ላይ ተገትሮ ወደ ላይ አልሄድ ይላል። ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ገፋ ሳደርገው ያመልጠኛል። አንዱ ከጓሯችን አጥር አልፎ ወጣ። ጎረቤታችን ይዘውት መጥተው፣ «አንተ ልጅ፣ ጎመኔ ምን አደረገህ?» አሉኝ። ሰው አለመኖሩ በጀ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀቱን የምሰቅልበትን ጆንያ ያዞርኩት ወደ አፈር ግንቡ ነው።

ታርጌት ፓኒክ፣ የዒላማ ድንጋጤ ይሉታል። እንግሊዞቹ የዒላማውን መሃል «ወርቅ» ስለሚሉት፣ ድሮ የበሽታው ስም የወርቅ ዓይን አፋርነት ነበር። ይኼኛው ይሻለኛል፤ በትክክል እንደዚያ ነበርኩና። እጅ ቢጫን ማየትንና መልቀቅን አንድ አድርጎ ይለምዳል፣ ከዚያ ባለቤቱን መጠበቅ ይተዋል።

ክሊከር ሞከርኩ። ቀስቱ እስከ ልኩ ሲሳብ ጠቅ የምትል ስስ ብረት ናት፤ ዓይን ሳይሆን ጆሮ «ልቀቅ» እንዲል። ለአንድ ሳምንት ሠራች። ከዚያ እጄ እሷንም መቅደም ጀመረ።

ያዳነኝ ዝናቡ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የጅማ ክረምት ጓሮ አያስወጣም፤ የቡና ገለባና አሮጌ ጨርቅ የጠቀጠቅኩበትን ጆንያ በረንዳ ላይ አምጥቼ በሦስት ሜትር፣ ያለ ወረቀት፣ ዓይኔን ጨፍኜ መልቀቅ ያዝኩ። ጀርባዬ ሲወጠርና ጣቶቼ ሲላሉ ብቻ ነው የሚሰማኝ። በሐምሌ አጋማሽ ትንሽ ቢጫ ጨርቅ ሰፋሁበት። እሷን እያየሁ እስብና ሳልለቅ እመልሳለሁ። ከባዱ ይኼ ነበር፤ ካልለቀቅኩ የምታነቅ ይመስለኛል። ከኋላዬ ቡና የምታፈላው እማዬ ታዝባ ታዝባ፣

«አትለቀውም እንዴ?»

«አልለቀውም።»

«ታዲያ ለምን ትስበዋለህ?»

መልስ አልነበረኝም። በቀን 20 ጊዜ እስብና እመልስ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አባራ። በ18 ሜትር 12 ቀስት ለቀቅኩ። ሦስቱ እንደ ድሮው አመለጡኝ፤ ሰባተኛውን ግን ጫፉ ቢጫዋ ላይ እያለ መለስኩት፣ ተነፈስኩ፣ እንደገና ሳብኩት። ቀይ ላይ ገባ። ቢጫ ከገቡት አራቱ ይልቅ እሱ ነው ደስ ያለኝ።

ጆንያው በአንድ ጎኑ ተቀዶ ገለባው ይፈስሳል። እማዬ ለበቆሎው ትፈልገው ነበር፤ ገና አላየችውም።