ሳጥኑ ላይ ያለችው ቁጥር

ባለፈው ሳምንት አንድ ክራውን (ጥርስ ላይ የሚገጠም ቆብ) ተመልሶ መጣልኝ። ከሠራሁት ሦስት ዓመት አልሞላውም። ወረቀቱ ላይ "ዚርኮኒያው ተሰበረ" ይላል፤ ውስጠኛው ጠንካራ ሴራሚክ ማለቱ ነው። ማጉያው ስር አስገብቼ አየሁት። ዚርኮኒያው ምንም አልሆነም! የሄደው ከላዩ ለመልኩ ብዬ የደረብኩት ፖርሰሊን፣ መስታወት መሰሉ ሴራሚክ ነው። ከማኘኪያው ጫፍ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ስባሪ ተልጣለች። ስባሪዋ በተነሳችበት ቦታ ደግሞ ስስ ፖርሰሊን ዚርኮኒያው ላይ እንደተጣበቀ ቀርቷል። ስለዚህ የከዳኝ ማጣበቁ አይደለም፤ ፖርሰሊኑ ራሱ ነው።

እኛ የጥርስ ላቦራቶሪ ሰዎች የምንኩራራው በዚርኮኒያው ሳጥን ላይ ባለችው የጥንካሬ ቁጥር ነው፤ ከ900 እስከ 1,200 ሜጋፓስካል (እስኪሰበር የሚችለው ጫና መለኪያ)። የሚደረበው ፖርሰሊን ግን 100 ገደማ ቢሆን ነው። ምግቡን የሚጋፈጠው ደግሞ እሱ።

ጥፋቱ የኔም ነው። ያኔ ሥራ ሲደራረብብኝ ምድጃውን ቶሎ እከፍት ነበር። ዚርኮኒያ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። የፖርሰሊኑ ውጪ ቀዝቅዞ ሲጠነክር ውስጡ ገና ትኩስ ነው። በኋላ ውስጡ ቀዝቅዞ ሊኮማተር ሲል የጠነከረው ውጪ አያስኬደውም፤ ውጥረቱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ለዓይን ምንም አይታይም። አንድ ቀን አንድ ጠንካራ ነገር ሲነከስ ብቻ ይወጣል። አሁን ሰዓቱ ቢያልፍም ቀስ ብሎ እስኪበርድ እጠብቃለሁ።

"ታዲያ ፖርሰሊን ሳትደርብ ሁሉንም ወጥ ዚርኮኒያ አድርገው" ትሉኛላችሁ። ለኋላ ጥርስ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ወጥ ሁሉ አንድ አይደለም። የድሮው ነጭ ዚርኮኒያ ስንጥቅ ሲመጣበት ጫፉ ላይ ያሉት ቅንጣቶች ቅርጻቸውን ይለውጡና 4 በመቶ ገደማ ያብጣሉ፤ ስንጥቁን ጨምቀው ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ጋርቪና ባልደረቦቹ "የሴራሚክ ብረት" ያሉት ወደው አይደለም። ብርሃን እንዲያሳልፍ ይትሪያ የሚባል ኦክሳይድ ሲጨመርበት ግን ይሄ ጸባይ እየደከመ ይሄዳል። በጣም ብርሃን አሳላፊው ከ500 እስከ 700 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው።

ክራውን የሚቀረጽባቸው፣ አሁን የገቡት ባለብዙ ንብርብር የዚርኮኒያ ዲስኮች ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሸወዳል። አንዳንዶቹ የሚለዋወጠው ቀለማቸው ብቻ ነው። ሌሎቹ ግን ላይኛው ንብርብር ብርሃን አሳላፊና ደካማ፣ ታችኛው ጠንካራ ናቸው። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ የታችኛው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ብሪጁን (ተያይዘው የሚሠሩትን ጥርሶች) ለውበት ብለህ ዲስኩ ውስጥ ወደ ላይ ብትገፋው ጥርሶቹን የሚያያይዘው አንገት ደካማው ውስጥ ይወድቃል። እኔ ሁሌ ወደ ታች አወርደዋለሁ፤ ቀለሙ ትንሽ ቢጎድል ይጉደል።

ደግሞም ያቺ ቁጥር አዲስና ንጹህ ናሙና አንድ ጊዜ ተጭኖ ሲሰበር የተለካች ናት። አፍ ውስጥ ግን በዓመት መቶ ሺዎች ጊዜ ነው የሚታኘከው፣ ያውም ምራቅ ውስጥ። ውሃው ጥቃቅኗ ስንጥቅ ጫፍ ድረስ ይገባና ትስስሩን ይበጥሳል። ስንጥቋ በእያንዳንዱ ንክሻ በዓይን የማይታይ እርምጃ ትራመዳለች። ለዓመታት የሚቋቋመው ጫና ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ወደ ግማሽ ይጠጋል። ይሄ ወጥ ለሆነውም አይቀርለትም።

ስንጥቋ ብዙ ጊዜ የምትጀምረው ደግሞ ከእጃችን ነው። ብሪጅ ሲነከስ የሚለጠጠው አንገቱ በድድ በኩል ነው፤ እዚያ የአልማዝ ቡር (መሞረጃው) አንድ ጭረት ከተወ በቃ፣ መነሻ አገኘች። ሲገጠም ከፍ ብሏል ተብሎ የሚሞረድ ክራውንም እንደዚያው። ሻካራ ሆኖ ከተተወ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ያለውን ጥርስ ይበላዋል።

ምትኩን ወጥ አድርጌ ሠራሁት፤ የኋላ ጥርስ ነውና። ስልከው ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ዶክተር፣ ከሞረዱት እባክዎ መልሰው ያለስልሱት።"