60 ዓመት ያልተከፈተ ኮሞዲኖ

ሁለቱ ኮሞዲኖዎች ወርክሾፕ ሲገቡ የአንደኛው መሳቢያ አልከፈት፣ የሌላኛው አልዘጋ ብሎ ነበር። ከዚያ በቀር ጤነኞች ናቸው። የእኔ ሥራ ቀለም ቀብቶ ዕድሜ የጠገቡ ማስመሰል ነው። ቀለም ነክቷቸው አያውቅም፣ ቫርኒሽ ብቻ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል፤ ድሮ የተቀባ ከሆነ ግን ቀለሙ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይኖር ይሆናል ብዬ ስለምሰጋ በደረቁ አላሸውም። አሜሪካ እንኳ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የዚያን ዘመን ቀለም አቧራ አድርጎ መተንፈስ ለማንም አይበጅም።

የመጀመሪያውን ኮሞዲኖ እኔ ያዝኩት። ቅባቱን አጠብኩ፣ በ120 ብርጭቆ ወረቀት ገጹን አሻከርኩ፣ የእንጨቱን ውሃ ከሥር የሚያግደውን ሼላክ የሚባል ሙጫ መሰል ቅባት ቀባሁ። ሼላኩን የሚዘሉ ባልደረቦች አሉኝ፣ ስም አልጠራም። ነጭ ቀለማቸው ላይ የእንጨቱ ቡናማ ውሃ ከሥር ወጥቶ ሻይ የተደፋበት ሲመስል «ቪንቴጅ ነው» ብለው የሚሸጡት እነሱ ናቸው። ከሼላኩ በኋላ ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለም፣ ሲደርቅ ጠርዝ ጠርዙን ሻማ፣ በላዩ ክሬም ቀለም። ሻማ የነካው ቦታ ቀለም አይጨብጥም፤ ለስለስ ባለው 220 ብርጭቆ ወረቀት ሲዳበስ ክሬሙ ይለቅና ቡናማው ብቅ ይላል።

እኔም ዳበስኩት። አራቱንም እግር፣ የመሳቢያውን ዙሪያ፣ የላይኛውንም የታችኛውንም ጠርዝ፣ ጀርባውን ሳይቀር፣ እኩል እኩል። ስጨርስ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብዬ አየሁትና ፎቶ አነሳሁት። እውነቱን ለመናገር ሰባት ፎቶ ነው ያነሳሁት። ለአለቃዬም ላክሁለት።

አመሻሹ ላይ ወርክሾፑን የሚያጸዱት እትዬ መጡ። መጥረጊያቸውን እንደያዙ ኮሞዲኖውን አንድ ጊዜ ዞሩት።

«ይሄ ዕቃ ስንት ዓመቱ ነው ልጄ?»

«60 ዓመት እንዲመስል ነው የሠራሁት» አልኩ፣ ምስጋናውን እየጠበቅኩ።

ጎንበስ ብለው እጀታውን አዩ። ዙሪያው ድፍን ክሬም ነው፤ አንዲት ጭረት የለበትም።

«ታዲያ በ60 ዓመት አንድ ሰው አልከፈተውም?»

«እትዬ፣ ስታይል እኮ ነው» አልኳቸው። ስታይል ማለት በእኛ ሥራ መልስ ሲጠፋ የምትመዘዝ ቃል ናት። እሳቸው ግን ሊከራከሩኝም አልፈለጉ። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው «ና፣ እዚህ ተኛ» አሉኝ። የሥራ ጠረጴዛው ላይ ማለታቸው ነው። ኮሞዲኖውን ጎትተው አጠገቤ አቆሙት።

«ጨለማ ነው። ውሃ ጠምቶሃል። እጅህን ስደድ።»

ትልቅ ሰው ነኝ፣ ጠረጴዛ ላይ ተኝቼ እጄን ሰደድኩ። ያረፈው የላይኛው ጠርዝ ላይ ነበር፣ በአልጋው በኩል፣ ከፊት አንድ ስንዝር ገባ ብሎ።

«የሚላጠው እዚያ ነው» አሉ።

ከዚያ ተራ በተራ አሳዩኝ። ከእጀታው በላይ ያለው ቦታ፣ ጥፍር የሚነካው። የፊት እግሮቹ ግርጌ፣ መጥረጊያና መወልወያ ሲደበድባቸው የኖረው። ከላይ፣ ብርጭቆ እየተቀመጠ የሚተወው ክብ። ጀርባውስ አልኩ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ የለፋሁበትን።

«ጀርባውንማ ከግድግዳው በቀር ማን ያውቀዋል? አዲስ እንደሆነ ነው የሚቀረው። እኔ የሰው ዕቃ ስወለውል ነው የኖርኩት፤ ጨርቄ የት የት እንደሚይዝብኝ አላጣውም።»

ይህን ብለው ከሥሬ ያለውን ብናኝ ጠርገው ሄዱ። ያን ሌሊት ያንገበገበኝ እሳቸው ትክክል መሆናቸው አልነበረም። ሰባቱ ፎቶ ናቸው።

ሁለተኛውን ኮሞዲኖ እሳቸው ባሉኝ መንገድ ሠራሁት። ሻማውን ያስነካሁት እጅ፣ ጥፍርና መጥረጊያ የሚደርስበት ላይ ብቻ ነው። ጥንድ ስለሆኑ ይሄኛው የሚቆመው ከአልጋው ሌላ ወገን ነው፤ የሚላጠውም ጎን ተገልብጦ መጣ። የናስ እጀታውን መጀመሪያ ከፋብሪካ የተቀባውን መከላከያ ገፈፍኩለት፤ እሱ እያለ ናስ አይጠቁርም። ከዚያ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ፣ ከሥሩ አቼቶና ጨው አድርጌ፣ እንዳይነካው ከፍ አድርጌ አሳደርኩት። ጠዋት ጠቁሮ፣ ጥጋ ጥጉ አረንጓዴ ይዞ ወጣ። አውራ ጣት የሚያርፍበትን መሃሉን ብቻ በጨርቅ አበራሁት። ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና፣ ገና ስታየው አንድ ሰው አጠገቡ ዕድሜውን ሙሉ የተኛ ይመስልሃል።

ደንበኛዋ መጣች። የመጀመሪያውን ስታይ «ውይ ሲያምር!» አለች፤ ጀርባውን ሁሉ ዞራ ዳበሰችው። ወደ ሁለተኛው ዞረች።

«ይሄኛው ግን ያረጀ ነው። ለዚያኛው ጥንድ አልተገኘለትም?»

አለቃዬ እኔን አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። እሷ ስትወጣ «አስተካክለው» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ፦ ክሬም ደግሜ፣ ሁሉንም ጠርዝ ሻማ አስነክቼ፣ እኩል እኩል ዳብሼ፣ እጀታውን መስታወት እስኪመስል ወልውዬ።

የሚገርመው፣ አሁን አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር አለቃዬ ዕቃ ፊት ያቆመውና «መጀመሪያ ማን ከፈተው ብለህ ጠይቅ!» ይለዋል፣ እጁን ኋላ አጣምሮ። ያን ሲል እኔ ብርጭቆ ወረቀቴን እያሸሁ ዝም እላለሁ። ከእኔ ነው የሰማው፤ እኔም ስነግረው ከማን እንዳገኘሁት አልነገርኩትም። ንግግሩን ሲጨርስ ደግሞ ለልጁ 220 ያቀብለውና «ጠርዙን ሁሉ፣ እኩል አድርገህ» ይለዋል።

ዕቃዎቹ ሊወሰዱ ዋዜማ እትዬ ሊያጸዱ ገቡ። ጎን ለጎን የቆሙትን አዩ። የአንዱን እጀታ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ፣ ከዚያ የሌላውን።

«ሁለቱንም አልከፈቷቸውም» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው መሳቢያውን ሳብ አደረጉት፤ ያንን አልከፈት ያለውን። ሸርተት ብሎ መጣ፣ ሲገፉትም ድምፅ ሳያሰማ ገባ።

«ይሄንንስ ምን አደረግኸው?»

«በተረፈው ሻማ ከሥሩ አሸሁት፣ እትዬ።»

እንደገና ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ከፈቱት።