ሳሌ ደረቴ ውስጥ አልነበረም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እየኖረ ኅዳርንና ታኅሣሥን ሳያስል የሚያሳልፍ ሰው ካለ ይምጣና ይተዋወቀኝ። ነፋሱ የሜዳውን አቧራ ጠራርጎ ያመጣልናል። ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚገቡና ከዚያ የሚወጡ ከባድ መኪናዎች ጥቁር ጭሳቸውን ይለቁብናል። ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዙሪያችን ደግሞ ያላለቀ ሕንጻ ሞልቷል፤ ሲሚንቶ የተራገፈ ቀን በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ እንደገና ይታጠባል።

እንግዲህ እኔንም ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ሄደ፣ ሳሉ ግን ቀረ። ቀን ቀን ደህና ነኝ። ማታ ጋደም ስል ይጀምረኛል። አፍንጫዬም አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል፣ በሌላ ጎኔ ስተኛ ደግሞ ይቀያየራሉ። ጠዋት ጉሮሮዬን ሳልጠራርግ "እንደምን አደራችሁ" ማለት አልችልም። የፊት ለፊት ጎረቤቴ "አንተ ካለህ ለእኔ ደወል ምን ያደርግልኛል" ብለው ስቀውብኛል።

ስታስል አገሩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። እናቴ በስልክ "ዝንጅብል አፍላና ማር ጨምርበት፣ ትኩስ ትኩሱን" አለችኝ። የቤት አከራዬ እትዬ ደግሞ አንዴ አዩኝና "ምች ነው የመታህ" ብለው ፈረዱ፤ ዳማ ከሴ በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን አጠጡኝ፣ የተረፈውን ግንባሬ ላይ ቀቡኝ። የጊቢው ዘበኛ ጋሼ ነጭ ሽንኩርት አረቄ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጠጣ አሉ (ሳሉ ባይሄድም ሐሳቡ ይሄዳል፣ ገባኝ)። መሥሪያ ቤት ጦስኝ ሻይ ታዘዘልኝ። ታክሲ ውስጥ ያስነጠስኩ ቀን ደግሞ አንዲት እናት "ልጄ፣ መስኮቱ ነው! መስኮቱን ዝጋው!" ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲያ አሥራ ምናምን ሰው መስኮት ዘግተን እስከ ቃሊቲ እየተሳሳልን ሄድን።

አልቀልድባቸውም፣ ከእነዚህ ውስጥ የሚሠራ አለ። ማር የሌሊት ሳልን ያለዝባል፤ ልጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ታይቷል። አንድ ማንኪያ ከመኝታ በፊት በጣም ይረዳል። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ይሄንን ለእናቶቻችን ደጋግመን እንንገራቸው፣ ምክንያቱም የሕፃን ምላስ ላይ ማር መቀባት ደስ የሚላቸው ብዙ ናቸው። ዝንጅብሉና ጦስኙ ትኩስ በመሆናቸው ብቻ ጉሮሮን ያሳርፋሉ፣ ፈሳሽ መጠጣትም አክታውን ያቀጥነዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠንም አፍንጫን ለጊዜው ይከፍታል፤ ከተነሳህ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ግን ተመልሶ ይዘጋል። ልጅን ከፈላ ድስት ላይ ደፍቶ በነጠላ መሸፈን ግን ይቅር። ድስቱ ቢገለበጥ የሚመጣው ቃጠሎ ከጉንፋኑ መቶ እጥፍ ይብሳል።

ሠፈራችን ካለ አንድ ፋርማሲ ገብቼ "ሳል" ስል ባለሙያው ጥያቄ ሳይጠይቀኝ አሞክሲሲሊን ከመደርደሪያው አወረደ። አልወሰድኩትም። ጉንፋን የቫይረስ ነገር ነው፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካውም። እንዲሁ በየጉንፋኑ እየዋጥን ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ከለመዱት፣ እውነተኛ የሳንባ ምች የመጣ ቀን ምን ልንውጥ ነው? የአፍንጫ ጠብታም አሳየኝ። ጠብታው በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን ይከፍታል፣ እውነት ነው። ግን እነዚህ የሚከፍቱ ጠብታዎች ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፉ ነገሩ ይገለበጣል፤ አፍንጫው ያለ ጠብታው አልከፈት ይላል፣ ሰውየውም ጠብታውን ኪሱ ይዞ መዞር ይጀምራል። እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፣ ከስልኩ ይልቅ ጠብታው ሲጠፋበት ነው የሚደነግጠው።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ይህቺን ነገር ሰው ይፈራታል፣ ስለዚህ እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። አገራችን ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ ቲቢ ይመረመራል፣ ሕጉ ነው። ነርሷ የጠየቀችኝ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ሌሊት ያልብሃል? ትኩሳት አለህ? ኪሎ ቀንሰሃል? ደም ታይቷል? ቤት ውስጥ ቲቢ የነበረበት ሰው አለ? ከዚያ ክዳን ያላት ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችኝና "ውጭ ነፋስ ያለበት ቦታ ሂድ፣ በደንብ ተንፍስ፣ ከዚያ ከደረትህ አውጣው። ምራቅ እንዳታመጣልኝ!" አለችኝ። ከላቦራቶሪው ጀርባ አጥሩ ሥር ሄጄ ቆምኩ። እዚያ ስደርስ ሳሉ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ያደረ ሳል፣ ሲፈለግ የለም። አጠገቤ እንደኔው ዕቃ ይዘው የቆሙ አንድ አባት "እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ስትፈልገው ስብሰባ ላይ ነው" አሉኝ፣ በሳቅ መሃል መጣልኝ።

ነጻ ሆንኩ። ባልሆንም ኖሮ ዓለም አያልቅም ነበር። የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም ነጻ ነው፣ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፣ በሥርዓት የወሰደው ሰው ይድናል። ሰው ግን "ቲቢ አለበት እንዳልባል" ብሎ ቤቱ ቁጭ ይላል፣ ልጆቹ ላይ እያሳለ።

ውጤቱን ያየው ጤና መኮንን ደረቴን አዳመጠ። ከዚያ አፍህን ክፈት ብሎ በስልኩ መብራት ጉሮሮዬን አየ። "ደረትህ ንጹሕ ነው። ችግሩ ከላይ ነው፣ ንፍጡ በኋላ በኩል ወደ ጉሮሮህ ይወርዳል። ስትተኛ ይወርድና ያስልሃል" አለኝ። ለካ እኔ ደረቴን ስቀባ፣ ደረቴን ሳሞቅ፣ የደረት ሽሮፕ ስጠጣ፣ ነገሩ ያለው አፍንጫዬ ጋ ነው! ሌሎች ነገሮችም ጠየቀኝ። ሲጋራ፣ ጨጓራ፣ ቃር። ቃር ያለበት ሰው አሲዱ ሌሊት ወደ ላይ እየመጣ ሊያስለው እንደሚችል ያን ጊዜ ሰማሁ። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ አለኝ፤ ኢናላፕሪልን የመሰሉ መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ወላጆቻችሁ ኢናላፕሪል እየወሰዱ የማይለቅ ደረቅ ሳል ካላቸው ሐኪማቸውን ጠይቁ፣ ይቀየርላቸዋል። በራሳቸው ግን እንዳያቆሙት።

የታዘዘልኝ የጨው ውሃ ነው። አዎ፣ ጨው። ካርድ አውጥቼ፣ ተሰልፌ፣ ጨው ታዞልኝ ተመለስኩ።

አሠራሩ ይህ ነው። ውሃ ታፈላለህ። እኛ ሠፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣና ጀሪካን ውስጥ ስለሚሰነብት ማፍላቱ ግዴታ ነው፤ ያልፈላ ውሃ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ለብ እስኪል ታቀዘቅዘዋለህ። ለአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ትጨምራለህ። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ትገዛለህ። ከዚያ ሲንክ ላይ ጎንበስ፣ ራስህን ወደ ጎን ዘንበል፣ አፍህን ከፈት፣ በአፍህ ተንፍስ፣ ከላይ በሆነው አፍንጫ ቀስ አድርገህ ግፋው። በሌላኛው ይወጣል። ወንዝ ስትዋኝ ውሃ በአፍንጫህ እንደገባ ያህል አናትህን ያቃጥልሃል፣ የመጀመሪያ ጊዜ። ጨው ካነሰ ወይም ውሃው ከቀዘቀዘ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለው። ከውስጥ የወጣውን ነገር ግን አልገልጽላችሁም፣ ጾም ላይ ያላችሁም ምሳ እየበላችሁ የምታነቡም አላችሁ። ስትጨርስ በቀስታ ተናፈጥ፣ ሁለቱንም አፍንጫ ይዘህ በኃይል አትንፋ፣ ጆሮህን ታሳምመዋለህ።

እዚህ ጋ ለጎረቤቴ ልጅ ስለ ግኝቴ በኩራት ስነግረው ሳቀብኝ። "እኛ ውዱእ ስናደርግ በቀን አምስት ጊዜ አፍንጫችንን በውሃ እንታጠብ የለ፣ አንተ ዛሬ ነው የሰማኸው?" አለኝ። ምን ይባላል።

ጠዋትና ማታ ሳደርገው የሌሊቱ ሳል እየቀነሰ መጣ። በአንድ ሌሊት አልጠፋም። ከጉንፋን በኋላ የሚቀር ሳል ሳምንታት መቆየቱ የተለመደ ነው፣ ጉሮሮው እስኪያገግም ጊዜ ይፈልጋል። ትራሴንም አንድ ጨመርኩበት፣ ራስ ከፍ ሲል የሚወርደው ይቀንሳል።

ጨው ብቻውን አልበቃም ግን። ጭሱ አለ። ኅዳር 12 ቀን ሠፈሩ በሙሉ ሲጤስ እናንተም ታውቃላችሁ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ በሺዎች የሚቆጠር የአዲስ አበባ ሰው ካለቀ ወዲህ ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል፣ አየሩን ማጠን ልማድ ሆነ። በሽታው ዛሬ የስፓኒሽ ፍሉ የምንለው ነው፣ የጉንፋን ዘመድ፣ የሳንባ ጠላት። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ቅጠላ ቅጠልና ገለባ ነበር። አሁን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ነው የምናቃጥለው፣ እኔም ያን ቀን ማታ መስኮት ዘግቼ እርጥብ ፎጣ በሩ ሥር ወትፌ ነው ያደርኩት። እትዬ "ልማድ ነው፣ ትንሽ ታገሥ" አሉኝ፤ ልማዱን አልጠላሁም፣ ፌስታሉን ነው።

የቤት ውስጡ ጭስ ይብሳል። እሑድ ቡና ሲፈላ ከሰሉ፣ ዕጣኑ፣ የሚቆላው ቡና፣ በሩ ዝግ ነው፣ መስኮቱም "ብርድ" ተብሎ ዝግ ነው። ቡናን ተው የሚለኝ ሐኪም ካለ ሐኪም እቀይራለሁ። ከሰሉ ግን በረንዳ ላይ ተቀጣጥሎ ፍም ሲሆን እንኳ መስኮት ተከፍቶ ነው አሁን የሚገባው፤ የከሰል ጋዝ ከሳልም አልፎ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፣ በየክረምቱ የምንሰማው ነው። ዕጣኑን እህቴ በግድ ቀነሰችልኝ፣ "ትንሽ፣ ለሥርዓቱ" እያለች። ወለሉን በደረቁ መጥረግ ቀርቷል፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው የምንወለውለው። ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ አውጥተን ስናራግፈው የወጣውን አቧራ ያየ ሰው እንዴት በዚያ ሥር ተኝቼ እንዳልሞትኩ ይገርመዋል።

አሁን የሚያስለኝ አስፋልቱ ዳር ከባድ መኪና ሲያልፍብኝ ነው፣ ለዚያም ማስክ አደርጋለሁ። ደም የቀላቀለ አክታ፣ የሌሊት ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የሚወርድ ኪሎ ካያችሁ ግን ሲሪንጁን ተዉትና ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂዱ። በጠዋት፣ ካርድ ክፍሉ ሰልፉ ሳይረዝም።