አንድ ቅጽ፣ ሁለት ነጥብ

አንድ የሰው ሀብት ክፍል ማን ምን ሥልጠና እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ለሠራተኞቹ የራስ ምዘና ቅጽ በተነ። ነጥቡ ከ1 እስከ 5 ነው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «የኤክሴል ችሎታ» በሚለው ላይ 2 ሞላች። ከወራት በኋላ የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ወጣ፤ ያንኑ ቅጽ ስትሞላ 5 አለች። በመሃል ሥልጠና አልወሰደችም። ኃላፊው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ «ይቺ ልጅ ዋሽታለች» አለ።

ስትጠየቅ ግን ለሁለቱም ነጥብ ማስረጃ ነበራት። ሥልጠናውን ስትፈልግ ትዝ ያላት ፒቮት ቴብል (ብዙ መረጃን ጠቅልሎ የሚያሳይ የኤክሴል ሠንጠረዥ) አልሠራ ብሏት ባልደረባዋን የጠራችበት ቀን ነው፤ ዕድገቱን ስትፈልግ ደግሞ የወር መዝጊያውን ሒሳብ ብቻዋን ያስታረቀችበት። ሁለቱም ሆኗል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዚቫ ኩንዳ እ.ኤ.አ. በ1990 ያስረዳችው ይህንኑ ነው፦ ሰው ስለ ራሱ ደስ ያለውን ሁሉ አያምንም፤ ለሚፈልገው መደምደሚያ የሚመቸውን ትዝታ ግን እየመረጠ ያወጣል። ትዝታው ከሌለ 5 ለመጻፍ እጁ ያመነታል።

ለማያስደስት ውጤትማ ማስረጃ አይበቃንም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፒተር ዲቶና ዴቪድ ሎፔዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት፣ ምራቅ የነካው ወረቀት ቀለሙን አለመቀየሩ የጤና ችግር ምልክት ነው የተባሉ ሰዎች፣ ምልክቱ የጤንነት ነው ከተባሉት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ጠበቁ፤ ምርመራውንም ደገሙ። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር።

ስለዚህ ሠራተኛዋን «ሐቀኛ ሁኚ» ማለት ብዙም አይረዳም። የሚስተካከለው ቅጹ ነው። «የኤክሴል ችሎታ» ልቅ አባባል ስለሆነ ሁሉም በሚችለው በኩል ይተረጉመዋል። በቦታው «የሁለት ሠንጠረዥ መረጃ በቀመር ታገናኛለች፦ ያለ እገዛ፣ በእገዛ፣ አትችልም» ቢባል መሸሻው ይጠባል። ነጥብ ከመስጠቷም በፊት ያለፈው ሩብ ዓመት ሥራዎቿ ከፋይል ወጥተው ይቀመጡላት፤ መራጩ እሷም አለቃዋም ሳይሆኑ ቀን ይሁን፤ ለምሳሌ በየወሩ መጀመሪያ የገቡት። ለእርማት የተመለሰ ካለ አብሮ ይግባ። አለቃ ከመረጠ የእሱ ፍላጎት ይገባበታል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ደመወዝና ሥልጠና በአንድ ስብሰባ ባይነሱ ይመረጣል። በአሜሪካው ኩባንያ በጄኔራል ኤሌክትሪክ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው ጥናት፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ሠራተኛው ለትችት መልስ በመስጠት እንደሚጠመድ አሳይቶ እንዲለያዩ መክሯል። ቀኑን መለየት ግን ብቻውን አይበቃም፦ የሥልጠናው ቅጽ ከዕድገት ፋይል ጋር እንደሚያያዝ ሠራተኞቹ ካወቁ፣ በሚቀጥለው ዙር 2 የሚሞላ አይገኝም።