የከርነል ኮዳችሁ ጓዳ ይኑረው

ሰላም ልጆች። ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም ሆናችሁ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) የምታነቡ፣ ሰሞኑን ውርጩ ቤት ሲያውለኝ የሠራሁትን ላካፍላችሁ።

እንደምታውቁት የምለማመደው ኤክስቪ6 በሚባለው ትንሽ የማስተማሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው። የከርነሉ ፋይሎች በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው። ዴፍስ ዶት ኤች የሚባለው ሄደር (ሲ ፋይሎች ኢንክሉድ እያደረጉ የሚጋሩት ፋይል) ደግሞ ፋይሎቹ የሚጠራሩባቸውን ፈንክሽኖች በየተራ ይዘረዝራል። ለማስተማሪያ በጣም ግሩም ነው። የራሴን ነገር እየጨመርኩ ስሄድ ግን ሁሉም ፋይል ሁሉንም ማየቱ አስጨነቀኝ፤ አንድ ስትራክት (ተዛማጅ ዳታዎችን አንድ ላይ የሚይዝ) ልቀይር ስል ማን ማን እንደሚነካው ለማወቅ ሙሉውን ኮድ ማሰስ ሆነ ሥራዬ።

ከዚያ የሊኑክስን ሶርስ ከፍቼ አቀማመጡን ብቻ አነበብኩ። እንግዳ ሳሎን እንጂ ጓዳ አይገባም አይደል? እዚያም እንደዛው ነው። ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች የሚታዩት ሄደሮች ዩኤፒአይ የሚባል ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ የተለዩትም እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የሊኑክስ 3.7 ስሪት ነው። ለመላው ከርነል የሚያገለግሉት ኢንክሉድ ሊኑክስ ውስጥ ይገኛሉ። የአንድ ክፍል ብቻ የሆኑት ግን እዚያው ከሲ ፋይሎቹ ጎን ይቀመጣሉ። የሜሞሪው ክፍል ኢንተርናል ዶት ኤች አንዱ ነው።

በጣም የወደድኩት የስኬጁለሩ (ሲፒዩውን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው ክፍል) ነው። ድሮ አንድ ትልቅ ሲ ፋይል ሌሎቹን ሲ ፋይሎች ራሱ ኢንክሉድ ያደርግ ነበር! በ3.3 ስሪት የራሱ ፎልደር ወጣለት፣ ፋይሎቹ ለየብቻቸው ኮምፓይል መደረግ ጀመሩ፣ የጋራቸው የሆነው ሁሉ አንድ የግል ሄደር ውስጥ ገባ። የድራይቨሮቹ መሠረት ላይም ቆንጆ ዘዴ አለ። ዲቫይስ ፕራይቬት የሚባለው ስትራክት በይፋዊው ሄደር ስሙና ፖይንተሩ (የሜሞሪ አድራሻውን የሚይዘው) ብቻ ይታያል፣ ሆዱ ያለው ቤዝ ዶት ኤች ውስጥ ነው። ኮምፓይለሩ የፖይንተሩን መጠን ስለሚያውቅ ውስጡን ሳያይ ያልፋል።

እኔም በዚሁ መንገድ ከፋፈልኩ። አንድ ሲ ፋይል ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነ ሄደር አያስፈልገውም፣ ስታቲክ ብላችሁ (ከፋይሉ ውጪ እንዳይታይ) እዚያው ተዉት። ሁለት ሦስት ጎረቤት ፋይሎች ከተጋሩት የግል ሄደር ይገባዋል። ከፎልደሩ ውጪ ፈላጊ ሲመጣ ብቻ ወደ ይፋዊው ይውጣ፣ ያውም ተጠይቆ።

ኮምፓይል ማድረጊያው ሰዓትም ይቀንሳል፤ የግል ሄደር ስትነኩ የሚታደሱት የዚያ ፎልደር ፋይሎች ናቸው። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ከሊኑክስ ከርነል ገንቢዎች አንዱ የሆነው ኢንጎ ሞልናር እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የሊኑክስን ሄደሮች ጥልፍልፍ ለመፍታት ከ2,200 በላይ ለውጦች ይዞ ነው የመጣው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የግል ሄደር ፈንክሽኑን ከሊንከር (ኮምፓይል የሆኑትን ፋይሎች ከሚያገናኘው ፕሮግራም) አይደብቅም። ስታቲክ ካልሆነ ሌላ ፋይል ውስጥ ስሙን ጽፎ የሚጠራው ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ኮድ ስንተያይ ሲ ፋይል ውስጥ ኤክስተርን (ሌላ ፋይል ውስጥ ያለን ስም መጥሪያ ቃል) ካየሁ ለምን ብዬ እጠይቃለሁ፣ እናንተም ጠይቁኝ።

አሁን የቀረኝ የፋይል ሲስተሙ ነው። በፍ ስትራክቱን (የዲስክ ብሎክ ቅጂ የሚይዘውን) የሎጉም የዲስኩም ኮድ ስለሚነካው የትኛው ጋ እንደማስቀምጠው ገና አልወሰንኩም። የሞከራችሁ ካላችሁ ፎልደራችሁን አሳዩኝ።