«ሰው የለኝም» ብዬ ለምኜ ነበር

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ለሐዋሳው ቅዱስ ገብርኤል የተሳልኩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው በእጄ የሰፋሁትን መጋረጃ ላስገባ፣ ሁለተኛው የተደረገልኝን ሳልደብቅ ልመሰክር። መጋረጃው ገብቷል። የቀረኝ ይሄ ነው።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ቤታችን በር ላይ የእግር ማሽን ዘርግቼ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ነሐሴና መስከረም ላይ ቀና የምልበት ጊዜ አልነበረኝም። የልጄ አባት ቀደም ብሎ ስላረፈ እናቴን፣ ልጄንና እኔን ያኖረችን ያቺ ማሽን ናት። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ጨርቅ ልገዛ ሻሸመኔ ደርሼ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ በዝናብ ተገለበጠ። ሌላው ተሳፋሪ በጭረት ተረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን አከርካሪዬ ተጎዳ። ከወገቤ በታች ያለው ሰውነቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይታዘዘኝም።

የሆስፒታሉን ነገር አላስረዝምም። ከባዱ የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። የአልጋ ቁስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስሜት በሌለው ገላ ላይ ስለሚወጣ አያምም፤ ስለማያምም ማንም ሳያየው ወደ ውስጥ ይገባል። እናቴ አንሶላ ስትቀይር አየችው። ትኩሳቱ አናቴ ላይ ሲወጣ የምናገረውን አላውቅም ነበር ይሉኛል። ሰፈራችን የምትኖር አንዲት ነርስ ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ ሳትገባ እኛ ጋ እየመጣች ቁስሉን ታጥብልኝ ጀመር። እናቴንም በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ጎኔን እንድትቀይርልኝ አስተማረቻት። እናቴ በስልኳ ደወል እየሞላች ተነሥታ ትገለብጠኛለች። ወራት ፈጀ እንጂ ጠገገ። ነርሷ በዓል በመጣ ቁጥር ቤታችን አለች፤ ለእኔ እህቴ ናት።

ከሞት ተረፍኩ። መኖሩ ግን ሌላ ጥያቄ ሆነ። ዕድሩም፣ የጽዋ ማኅበርተኞቻችንም፣ ዘመድም የሚችሉትን አደረጉ። ሰው ግን ኑሮ አለበት፤ ሁልጊዜ ስጡኝ አይባልም። ልጄ ደብተር ሲያልቅባት ለእኔ መንገር ትታ ለአያቷ በጆሮዋ ስትነግራት አየሁ። ያን ዕለት የጸለይኩትን ጸሎት አልረሳውም። እግሬን እንዲመልስልኝ ድሮም እለምን ነበር። ያን ቀን ግን «አምላኬ፣ የሰው እጅ ከማየት አውጣኝ። ልጄን በእጄ ሥራ ላሳድጋት» አልኩ። ለገብርኤልም የተሳልኩት ያኔ ነው። ማሽኔ በጨርቅ ተሸፍና ጥግ ላይ ቆማለች፤ እግር የሌለው ሰው በእግር ማሽን ስፌት ሰፍቶ መጋረጃ አስገባለሁ ይላል። እናቴ «ይሁን ልጄ፣ እሱ ያውቃል» አለችኝ።

የሁዳዴ አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ተኝቶ የኖረው ሰው ወንጌሉ የሚነበብበት ዕለት ነው። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው ሰውዬው አዎን እንኳ አላለም። ሰው የለኝም ነው ያለው። ያን ቃል የራሴ ጸሎት አደረግሁት። «ጌታዬ፣ እኔም ሰው የለኝም» እያልኩ እለምን ነበር። አንድ ሌሊት እናቴ ሰማችኝና ዝም ብላ ቆየች። ኋላ «ሰው ያልሽው የሚያቆምሽን ነው፣ ገብቶኛል። እኔ ደግሞ የማገላብጥሽ ሰው ነኝ» አለች። እጇን ስሜ አለቀስኩ።

2014 ዓ.ም. ላይ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። የመጣበት መንገድ ግን ማንም ሊያስበው የሚችል አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ካናዳ ካልጋሪ ትኖራለች። ቤጂንግ ላይ የአካል ጉዳተኞች የክረምት ፓራሊምፒክ እየተካሄደ ነበር። በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝና ወዲያው ደወለች። «የኔ እህት፣ ተኝተሽ እንዳታይው፣ ተቀመጪና እዪው። ሴትዮዋ 59 ዓመቷ ነው» አለችኝ።

ጨዋታው ዊልቸር ከርሊንግ ይባላል። ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር ስለሆነ ትንሽ ላስረዳ። 45 ሜትር ገደማ የሚረዝም የበረዶ ሜዳ አለ። ጫፉ ላይ ክብ በክብ ውስጥ ተሥሏል። ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ፣ እጀታ ያለው ክብ የግራናይት ድንጋይ በበረዶው ላይ አንሸራትተው ወደ ክቡ መሐል ማድረስ ነው። ድንጋዩ ከስኮትላንድ ደሴት ኤልሳ ክሬግ እንደሚወጣ የአክስቴ ልጅ ነገረችኝ። ቆመው የሚጫወቱት ሰዎች ድንጋዩ ሲሄድ ከፊቱ በመጥረጊያ እየጠረጉ ያግዙታል። በዊልቸር ሲሆን መጥረግ የለም። ከእጅ ከወጣ አለቀ፤ ኃይሉም አቅጣጫውም ቀድሞ የተለካ መሆን አለበት። ሴትና ወንድ አንድ ቡድን ውስጥ ነው የሚጫወቱት። ድንጋዩን ሲገፉ እግር በረዶውን መንካት አይፈቀድም።

ሴትዮዋ ኢና ፎረስት ትባላለች። በ21 ዓመቷ ሰክሮ የሚነዳ ሰው ገጭቷት ነው ዊልቸር ላይ የቀረችው። ከርሊንግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዕድሜዋ 40 ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ስሙት፤ ዓመቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው። በ2009፣ በ2011 እና በ2013 ከካናዳ ቡድን ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2010 ቫንኩቨር ላይ፣ በገዛ ክፍለ ሀገሯ፣ የፓራሊምፒክ ወርቅ። በ2014 ሶቺ ላይ እንደገና ወርቅ። በ2018 ፒዮንግቻንግ ነሐስ። ቤጂንግም ላይ በመክፈቻው የአገሯን ባንዲራ ከያዙት ሁለት ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች፤ እዚያም ነሐስ አገኙ። እኔ ደግሞ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ሆኜ «ዕድሜዬ አለፈ» እያልኩ ነበር።

ልጄ ከጎኔ ሆና ታያለች። «እማ፣ ከእኛ አገር በበረዶ የተጫወተ አለ?» አለችኝ። የአክስቴ ልጅ ፈልጋ መለሰችላት። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ መንሸራተቻ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። ዊልቸር ከርሊንግም መጀመሪያ ፓራሊምፒክ የገባው በዚያው ዓመት፣ እዚያው ቶሪኖ ነው። ልጄ ደስ አላት።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ባለው እሑድ መጻጉዕ ሆነ። ቅዳሴውን በስልክ ነበር የምከታተለው። ወንጌሉ ሲነበብ 38 የሚለውን ስሰማ ሰውነቴ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ከ21 እስከ 59 ስንት ነው? ቁጠሩት። ሴትዮዋ ያኔ ከተጎዳች 38 ዓመቷ ነበር። እናቴን ጠርቼ ነገርኳት፤ በጣቷ ቆጥራ ጨረሰችና አማተበች። አጋጣሚ ነው የሚለኝ ይኖራል። እኔ ጸሎቴን አውቃለሁ፤ በየትኛው ቃል እንደለመንኩም አውቃለሁ። ስለዚህ ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩት። የተላከልኝ ለእኔ እንደሆነ አምኜ፣ ጌታ ምን ሊያሳየኝ እንደፈለገ ልፈልግ።

ሁለት ነገር አየሁ።

የመጀመሪያው ዘንጉ ነው። ወደ በረዶው ጎንበስ ማለት የማይችለው ተጫዋች ረጅም ዘንግ አለው። ጫፉን ድንጋዩ እጀታ ላይ ይገጥመዋል፤ ከዚያ ቀና ብሎ እንደተቀመጠ ይገፋዋል። ጎንበስ ማለት ስላልቻለ ጨዋታው አልቀረበትም። ይህን ሳይ ዐይኔ ጥግ ወደቆመችው ማሽኔ ሄደ። ማሽኔ የምትፈልገው እግር ነው ብዬ ነበር። የምትፈልገው ግን የሚጫናት ነገር ነው። ሞተር ቢገጠምላት፣ የሞተሩ ፔዳል ደግሞ መሬት ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ፣ በክርኔ ብጫነውስ?

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሲነጋ እናቴን ላክኋትና የሰፈራችን አናጺ መጣ። ጋሼ ትንሽ ዝም ብሎ ማሽኗን ዞረ። ከዚያ «እጅሽን ዘርጊ፣ እንደምትሰፊ ሁኚ» አለኝና ክርኔ የሚያርፍበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። ተዳፋት ያላት ትንሽ ሰሌዳ ሠራ፤ ክርኔ እንዳያዳልጠው የአሮጌ ጎማ ቁራጭ መታባት። የእጁን ዋጋ አልቀበልም አለ። ሞተሩን እናቴ በደረሳት ዕቁብ ገዛን። ልጅ እግር ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ገጠመልን።

የመጀመሪያው ቀን አሮጌ አንሶላ ዘረጋሁ። ክርኔን ጫን ሳደርገው ማሽኗ በአንዴ በረረች። ክሩ ተበጠሰ። ቀስ ብዬ ስሞክር ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ወለላችን ሊሾ ነው፣ የዊልቸሬ ፍሬን ደግሞ አርጅቷል። ፔዳሉን በተጫንኩት ቁጥር እኔ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ስፌቱ ጠመመ።

ይኼኔ ነው ሁለተኛው ነገር የገባኝ። በረዶው ላይ ድንጋይ የሚገፋ ሰው ብቻውን አይደለም። አንድ ጓደኛው፣ እሱም ዊልቸር ላይ ያለ፣ ከኋላው ተጠግቶ ጎማውን ይይዝለታል። ካልያዘው ዊልቸሩ ይንሸራተታል፣ ድንጋዩም ይስታል። ካሜራው የሚያሳየው የሚወረውረውን ነው። ያ ከኋላ ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱ እንኳ ሳይታይ፣ ጎማ ይዞ ይቆያል።

ልጄ ሳልነግራት ተነሣች። ከኋላዬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሁለቱን ጎማ ጥርቅም አድርጋ ያዘችና «ስፊ፣ ይዤሻለሁ» አለችኝ። ሰፋሁ። ከአንሶላው ጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። እናቴ እልል ስትል ጎረቤት ሰው ሞቶ ተነሣ ብሎ መጣ።

ሰው የለኝም ብዬ የለመንኩት ተመልሶልኛል የምለው ለዚህ ነው። በሌሊት የምታገላብጠኝ እናቴ ነበረች። ነርሷ ነበረች። ጋሼ፣ ያ በእርሳስ ምልክት ያደረገው አናጺ፣ ካልጋሪ ሆና ያሰበችኝ የአክስቴ ልጅ፣ ጎማዬን የያዘችው ልጄ። እግዚአብሔር ሰው በሰው ላይ ጨምሮ ሰጠኝ። አናጺው ኋላ ለጎማው የእንጨት ማገጃ ሠርቶልኝ ልጄ ወደ ጥናቷ ተመለሰች፤ ቢሆንም አንዳንድ ማታ መጥታ ትይዝልኛለች።

መጋረጃውን ለሐምሌ 19 አደረስኩት። የሐዋሳን ገብርኤል ንግሥ ያየ ያውቀዋል፤ ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ሁሉ ይሞላዋል። ከተማችን ሜዳ በመሆኗ ዊልቸር እስከ በሩ ይሄዳል። ደረጃው ላይ ግን የሰንበት ተማሪዎቹ እኔንም መጋረጃዬንም አንሥተው አስገቡን። ካህኑ ተቀብለው «ማን ሰፋው?» ሲሉ «እኔ፣ በክርኔ» አልኩ። ባረኩኝ። መስከረም ሲመጣ ዩኒፎርም የሚያሰፉት ደንበኞቼ ተመለሱ። ዛሬ የልጄን ደብተር የምገዛው እኔ ነኝ።

አንዳንድ ሰው «እግርሽ አልተነሣ፣ ይህ ምን ተአምር ነው?» ይለኛል። አልቀየምም። የተራበ ቤት ሲጠግብ፣ በቁስል የበሰበሰ ገላ ሲድን፣ የተሸፈነች ማሽን ስትከፈት ያየ ሰው እንደዚያ አይልም። ተአምር ነው። መብራት ሲጠፋ ቁጭ እላለሁ፤ ሲመጣ ደግሞ ተመስገን ብዬ እጀምራለሁ።

አሁን ከእኔ ጋር ስፌት የምትማር አንዲት ልጅ አለች፤ እሷም ዊልቸር ላይ ናት። ቀኝ እጇ ደከም ስለሚል ጋሼ ሰሌዳዋን በግራ በኩል ሠራላት። እሷ ስትሰፋ ከኋላ ጎማዋን የምይዝላት እኔ ነኝ። ለእሷም ለእኔም ጸልዩልን። ስለ እግሬ መለመኑን አልተውኩም፤ የክርስትና ስሜ ወለተ ሚካኤል ነው።